ሁለት እንጨት፣ አራት ቤት

አሁን የምኖርበት ግቢ ስድስት ተከራይ አለበት፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ሚዛን ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ግቢ ብርቅ አይደለም። አመሻሽ ላይ አንዷ ምድጃ ትሰካለች፣ ሌላዋ ካውያ ትሰካለች፣ አንዱ ደግሞ የውሃ ማፍያውን ይጨምርበታል፣ ከዚያ ጧ ይልና ግቢው በሙሉ ይጨልማል። ሁሉም ከበሩ ብቅ ብሎ «ማነው የሰካው?» ይላል። የሰካ ሰው አይገኝም። ከመሃላችን አንዱ እያጉረመረመ ሄዶ ማብሪያውን ይመልሳል፣ እኛም በራችንን ዘግተን እንገባለን። ይኼን ያህል ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር «እኔ ልጨርስና አንቺ ትሰኪያለሽ» ተባብለን አናውቅም።

ባለፈው ሰሞን የሰካሁት እኔ ነበርኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ በሬ ላይ ወጣሁና ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ «ማነው የሰካው?» አልኩ። ገብቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ስቀመጥ እፍረት ያዘኝ። ሌላው ሰው ቢያደርገው ይሁን፤ እኔ ግን ይኼን ነገር በሥርዓት የሚይዝ አገር ኖሬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ተነስቼ ከአልጋው ሥር ሻንጣዬን ሳብኩና መዳፍ የምታክለውን የዋንዛ እንጨት አወጣሁ። ጫፏ ላይ ቀዳዳ አላት፣ መሃሏ በእጅ ብዛት ለስልሷል። ይህችን እንጨት ለማን ማድረስ እንደነበረብኝ ያወቅሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ነርስ ሆኜ የተመረቅሁት ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። የመጀመሪያ ምደባዬ ከሚዛን ወደ ቴፒ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቡና ጫካ መሃል ያለ አንድ መንደር ጤና ኬላ ሆነ። እናቴ ደብዳቤውን ሳነብላት «እንግዲህ ጫካ ጣሉሽ» ብላ አለቀሰች። እውነትም ጫካ ነው። ዝናቡ አያባራም፣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ ቡናው ከትልልቁ ዛፍ ሥር ሆኖ ቀኑን ሁሉ ያንጠባጥባል። የመብራት ምሰሶ የሚባል ነገር እንኳን መንደሩ ዋናው መንገድ ላይም አልነበረም። ግን የገባሁ ዕለት ማታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ማብሪያውን ብነካው፣ ጣሪያዬ ላይ የተንጠለጠለችው አምፖል ቦግ አለች።

መብራቱ የወፍጮው ባለቤት ሥራ ነው። ሰውየው የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ አፍ የፈቱት በቤንችኛ ነው፣ አማርኛን የተማሩት በወጣትነታቸው ማሽን ሲጠግኑ ነው። ከመካኒክ ስለተማሩት ነው መሰለኝ ሹምም ይሁን ቄስ ሁሉንም «አንተ» «አንቺ» ነው የሚሉት፣ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። እኛ «አባባ» እንላቸዋለን። ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ውሃው ወፍጮ ያዞራል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቺንጋ የሚሉትን የማዞሪያ ቀበቶ ከወፍጮው አውጥተው ከአንድ አሮጌ ዲናሞ ጋር ያገናኙታል፣ ያኔ መንደሩ መብራት አለው። የሚቆጣጠርለት መሣሪያ የለውም። እሳቸው ራሳቸው ቦዩ አፍ ላይ ባለው የውሃ በር አጠገብ ቁጭ ብለው በጆሯቸው ያዳምጣሉ። መንኮራኩሩ ሲከብደው በሩን ከፈት፣ ሲቀለው ደግሞ ገርበብ ያደርጉታል።

ማታ ማታ አምፖል ብቻ ስለሚበራ ችግር የለም። ችግሩ ከሰዓት በኋላ ነው። ኃይል የሚበላ ዕቃ ያለው አራት ቤት ነበር። እኔ መርፌና መቀስ የምቀቅልበት የኤሌክትሪክ መቀቀያ አለኝ። ልብስ ሰፊው ካውያ አለው። አናጢው መሰርሰሪያ፣ ባለ ሻይ ቤቷ ደግሞ ምድጃ። ዲናሞው ሁለቱን ይችላል፤ ሦስተኛው ሲጨመርበት አምፖሉ ሁሉ እንደ ፍም ይቀላል። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ቀን ሦስት ዕቃ እኩል ተሰክቶ ቺንጋው ተፈናጥሮ የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ ቀዶታል። ጠባሳውን አሳይተውኛል።

አባባ በማግስቱ ሰው ሰብስበው አልተቆጡም አሉ። ከዋንዛ ሁለት እንጨት ጠርበው ይዘው መጡ። ሕጉ አጭር ነው፤ እንጨት በእጁ ያለ ይሰካል፣ እንጨት የሌለው አይሰካም። የጨረሰ ሰው ነቅሎ እንጨቱን ለባለተራው ራሱ ያደርሳል። በልጅ መላክ የለም፣ በር ላይ ጥሎ መሄድ የለም፣ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ። አንዷ እንጨት ለአናጢውና ለሻይ ቤቷ ሆነች፤ ከወፍጮው በታች ጎረቤታሞች ናቸውና። ሌላዋ፣ ከላይ ባለው መንገድ፣ ለጤና ኬላውና ለልብስ ሰፊው ሆነች። ከዘጠኝ እስከ አሥር እኔ፣ ከአሥር በኋላ እሱ። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልሶ ለእኔ። ከእኔና ከእሱ በቀር ያችን እንጨት የሚነካት አልነበረም።

መጀመሪያ ሳምንት እንደ ሕጉ እኔ አሥር ሰዓት ላይ አደርስለት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ምጥ የያዛት ሴት መጣችብኝና ዘገየሁ። እሱ ራሱ በዝናብ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ አልገባም፣ «ሲስተር፣ ከእንግዲህ ሰው ጥለሽ አትውጪ። እኔ እየመጣሁ እወስዳለሁ» አለ። እንጨቷን ሰጠሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያመጣም እሱ፣ ሲወስድም እሱ ሆነ። እኔም ነገሩ ተመቸኝና ሕጉ እንዴት እንደነበር ረሳሁት።

ወገኖቹ ከጅማ በኩል የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ወሬው የአየር ሁኔታ ነው፤ «ዛሬ ደግሞ በረታ» ይላል ዝናቡን፣ «ምን ያባራል» እላለሁ እኔ። ይኼው ነው ወሬያችን። እንጨቷን ግን ሁልጊዜ በኪሱ ይዞ ስለሚመጣ ሞቃ ነበር የምትደርሰኝ። አንድ ቀን የነጭ ጋዎኔ ኪስ ተቀዶ አየና «ስጪኝ» ብሎ ወሰደው። ሲመልሰው ከውስጥ በኩል ሌላ ጠባብ ኪስ ሰፍቶበታል። ምን እንደሚከተትበት ሳልጠይቅ እንጨቷን አስገባኋት፤ ልክክ አለች። እሱ ከእኔ በፊት አፍሮ ወደ ዝናቡ ወጣ። እኔ ያን ቀን ሙቀት ስለካ ቁጥሩን መጻፍ እየረሳሁ ሦስት ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ ለካሁ።

እንግዲህ ልናገረው። ወደድኩት። ላንድ ሸሚዝ ሐምሳ ቁልፍ እንደሚሰፋ ሰው ነገር ማብዛት አልወድም፤ ወደድኩት በቃ። ግን እኔ የክርስቲያን ልጅ ነኝ፣ እናቴ ከሰሜን መጥታ ሚዛን ስትሰፍር መጀመሪያ የጠየቀችው ቤተ ክርስቲያኑ የት እንደሆነ ነው። ረቡዕና ዓርብ መጾሜን ያውቃል፣ በእነዚያ ቀናት ስለ ምግብ አያነሳም። በረመዳን እኔም እሱ ሊመጣ ሲል የውሃ ብርጭቆዬን አነሳለሁ። ይኼን ሁሉ እየተጠነቀቅን ስለ ዋናው ነገር ትንፍሽ አንልም። አንድ ቀን በዘጠኝ ወይም በአሥር ሰዓት፣ እዚያው በሬ ላይ ቆሞ፣ አንድ ቃል ይናገርና ይገላግለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሌላ የምጠብቀው ነገር አልነበረኝም።

የዚያን ጊዜ አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር። የአናጢው መሰርሰሪያ ሲጀምር አምፖሌ ደብዘዝ ይላል። የሻይ ቤቷ ምድጃ ሲሰካ ይደበዝዛል። የኔ መቀቀያማ የባሰ ነው። እሱ አሥር ሰዓት ላይ እንጨቷን ይዞ ሲሄድ ግን አምፖሉ ነጭ ሆኖ ይደምቃል፣ እስኪመሽም እንደደመቀ ይቆያል። ካውያ ስትሰካ መብራት የሚደምቅበት አገር የት አለ? ተማርኩ ባይዋ እኔ ልቤ ደስ ስላለው ነው ብዬ አለፍኩት። ሱቁ ጎራ ስል ደግሞ ካውያው መደርደሪያው ላይ ሁሌም አዲስ ሆኖ ያብለጨልጫል። አቤት ዕቃ አያያዙ እል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የቡና ለቀማ ሰሞን ጉዴ ፈላ። ያን ቀን አሥር ሰዓት አለፈ፣ አልመጣም። የሠርግ ልብስ በዝቶበት ነው። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ መንገዱን ሳይ፣ እንጨቷን በኪሴ ውስጥ ሳገላብጥ፣ መቀቀያው ውሃው አልቆ ደርቋል። ሽታው ነው ያነቃኝ። ሮጬ ስደርስ ከሥሩ ጠቁሯል፣ ሽቦው ቀልጧል። ቁጭ ብዬ ራሴን ያዝኩ። ለመቀቀያው አይደለም፤ መርፌ በላምባ ምድጃም ይቀቀላል፣ ከመብራቱ በፊት የነበሩትም እንደዚያ ነው ያደረጉት። መቀቀያ የሌለው ሰው ግን እንጨት አይዝም። እንጨት ካልያዝኩ ደግሞ እሱ በሬ ላይ ምን ሊያደርግ ይመጣል?

ስለዚህ ዋሸሁ። የተቃጠለውን መቀቀያ ገመዱን ጠቅልዬ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት፣ ከጓሮ በላምባ እቀቅላለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን እንጨቷን እንደ ወትሮዬ እቀበላለሁ። ሻይ ቤቷና አናጢው ከታች በአንድ እንጨት ይነታረካሉ። አንድ ቀን ሻይ ልጠጣ ስገባ ባለቤቷ ገላምጣኝ «ሲስተር፣ የእኛዋ እንጨት ስትጋደል ትውላለች፣ የእናንተዋ ሽር ሽር ትላለች» አለችኝ። ሳቅሁ። ሆዴ ግን ሌባ እንደሆንኩ ያውቃል። ደንበኞቿ ውሃው እስኪፈላ በቅዝቃዜ ሲንቀጠቀጡ እያየሁ ዝም አልኩ። ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ መንደር አስነሳበት ነበር።

አባባ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁስል ሊያሳዩኝ መጡ። ጣታቸውን ስጠቅል እሳቸው መደርደሪያውን አዩ፣ የተጠቀለለውን ገመድ አዩ፣ ከጓሮ የሚመጣውን አሸተቱ። «ላምባ ይሸታል» አሉ። ብድግ ብለው በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና «እንጨቷን አትጣያት እንጂ» ብለውኝ ሄዱ። ለሁለት ቀን ሊነጥቁኝ ነው ብዬ ስፈራ ነበር። አልነጠቁኝም።

ከዚያ ምሰሶ መጣ። መጀመሪያ ከዋናው መንገድ፣ ቀጥሎ በቡናው መሃል እየተመነጠረ፣ በመጨረሻ ጤና ኬላው አጥር ድረስ። የመንግሥት መብራት የገባ ቀን ሰው ሁሉ አደባባይ ወጥቶ አጨበጨበ። አባባ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከዳር ቆመው ነበር። እኔም አጨበጨብኩ፣ ያውም ነርስ ነኝ፣ እንዴት አላጨበጭብ። ከእንግዲህ ሁሉም ባሻው ሰዓት ይሰካል። ባለ ሻይ ቤቷ ሁለት ምድጃ እኩል ለኮሰችና እንጨቷን የበር መደገፊያ አደረገቻት። የኛዋ ያን ቀን እኔ ጋ ነበረች። በዘጠኝ ሰዓት አምጥቶልኝ ነው መብራቱ በአሥር የገባው።

አሥር ሰዓት ላይ አልመጣም። በግርግሩ ነው አልኩ። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይም አልመጣም፣ አሥርም ላይ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ፀጉሬን ተሠራሁ። በሳምንቱ ቆሽቴ አረረ። እንጨቷ ስትቀር እሱም መቅረቱ ነው፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ የፈለገው መሰኪያ ኖሯል አልኩ። አንድ ቀን ሆን ብዬ በሱቁ በኩል አለፍኩ። የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከመቀመጫው ተነሳ፣ እጁን ከጨርቁ ላይ አንስቶ ቆመ። እኔ «ደህና ዋልክ» ብዬ ሳልቆም አለፍኩ። እንጨቷ እሱ በሰፋልኝ ኪስ ውስጥ ነበረች። እስከ ዛሬ ድረስ ያ መንገድ ሲታወሰኝ እግሬን ልሰብረው ያምረኛል።

በሦስተኛው ወር ወደ ሚዛን ተዛወርኩ። ቆይቶ ወደ ጅማ በኩል ሄዶ አገባ ሲሉ ሰማሁ። እኔም ደግ ሰው አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ፣ ባሌም ዐረፈ። ሕይወቴ አልጎደለም፣ ቅሬታ ላሰማ አልተቀመጥኩም። ብቻ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ዓይኔ በር ያያል። ልጆቼ «ማን ይመጣል?» ይሉኛል። «ማንም» እላቸዋለሁ። ውስጥ ውስጡን ግን ያኔም ቅሬታዬ አንድ ነበር፤ ለምን አልመጣም እላለሁ።

ያ በግቢያችን የዋሸሁ ሰሞን፣ እንጨቷን በቦርሳዬ ይዤ በቅዳሜ ሚኒባስ ወደ መንደሩ ሄድኩ። አባባ አሉ፤ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ግን አሁንም ቦዩ አፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቦዩ ውስጥ ሣር በቅሏል። ድምፄን እንደሰሙ «አንቺ ነሽ» አሉ። ብዙ ተጨዋወትን። በመሃል የተቃጠለውን መቀቀያ፣ የላምባውን ነገር፣ ዓመት ሙሉ ለዕቃ የማልጠቀምባትን እንጨት ይዤ ሻይ ቤቷን እንዳሰቃየሁ ተናዘዝኩ። ሽማግሌው ሳቁ።

«አውቃለሁ» አሉ። «በዘጠኝ ሰዓት መንኮራኩሩ መክበድ ተወ። መቀቀያሽ እንደሞተ ያን ቀን አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን አልወሰዷትም?»

«እሱስ?» አሉኝ። «ያ ሰፊ። አሥር ሰዓት ላይ እንጨት ይዞ ሲሄድ እኔ ሁሌ ውሃ እቀንስ ነበር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ካውያ ቢሰካ ኖሮ ለምን እቀንሳለሁ? ያ የሚያብለጨልጨው ካውያ አንድ ቀን ሠርቶ አያውቅም። ሲገዛውም የተበላሸ ነው። ከጓዳ በከሰል ካውያ ነው የሚተኩሰው።»

አምፖሌ ለምን ይደምቅ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ከሁለት ዓመት በላይ፣ በዝናብ፣ በጭቃ፣ የማያስፈልገውን እንጨት ሊወስድ በቀን ሁለት ጊዜ ሲመላለስ ኖሯል። እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ የማያስፈልገኝን ስቀበለው። ሌባዋ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«እና ምነው መብራቱ ሲገባ ቀረ?» አልኳቸው። ድምፄ ተቆጥቷል፤ ይኼን ሁሉ ዓመት ቆይቶም ተቆጥቷል።

አባባ ወደ ቦዩ ዞሩ። «አልቀረም። ጠበቀ እንጂ። አንቺ ሚዛን ከገባሽ በኋላም አንድ ለቀማ አለፈ፣ እዚሁ ነው። ወንድሞቹ ና ይሉታል፣ አይሄድም። ምን ትጠብቃለህ አልኩት። ‹እንጨቷ እሷ ጋ ናት፤ የጨረሰ ያደርሳል አይደል ሕጉ? ከፈለገች ታመጣልኛለች፤ እኔ አሁን ሄጄ በምን አፌ እጠይቃታለሁ› አለኝ።»

ያን ሁሉ ዓመት ለምን አልመጣም እያልኩ የተቀየምኩት ሰው፣ እዚያ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ለምን አልመጣችም እያለ ተቀምጦ ነበር። ሕጉን ያፈረስነው ለኔ ሲባል ነው፤ እሱ በዝናብ የመጣው ሰው ጥዬ እንዳልወጣ ነው። ተራው የእኔ ነበር። በሱቁ ደጅ ሳልፍ የተነሳው እጁን ሊዘረጋ ነበር።

እንጨቷን ከቦርሳዬ አወጣሁና ወደ አባባ ዘረጋሁ። የሠሩት እሳቸው ናቸው፣ ይመለስላቸው ብዬ ነው። በደከመ ዓይናቸው አዩዋትና ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።

«ለእኔ አይደለም» አሉ። «ከእጅ ወደ እጅ ነው የተባለው።»

በመጨረሻው ሚኒባስ ይዣት ተመለስኩ። ግቢ ስደርስ መብራቱ ጠፍቶ ሁሉም በየበሩ ቆሟል፤ «ማነው የሰካው?» ሲባል እንጨቷን ከቦርሳዬ አወጣሁ።